አሥራ ሰባተኛዋ መኪና

ኤይሊፍ ሃውግዳል የሄስትፊየልን ተራራ መንገድ ሠላሳ አንድ ክረምት በበረዶ ጠራጊ መኪና ጠርጓል። በዚያ ሁሉ ዘመን ከኋላው ተሰልፈው ከገቡት መኪኖች አንዲትም ተራራው ላይ ቀርታበት አታውቅም። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም፤ የሚነዳትን ጠራጊ የምጠግናት እኔ ስለነበርኩ መዝገቡን አውቀዋለሁ። ዳልሶራ መንደር ገብታችሁ ስሙን ብታነሱ ግን ይህን የሚነግራችሁ የለም። «ያ ጣቶቹን በከንቱ ያስበላው ሰውዬ» ነው የሚሏችሁ።

የተወለደው ከተራራው ሥር፣ በምዕራቡ ኬላ አጠገብ ካለው እርሻ ነው። አባቱም የመንገድ ሠራተኛ ነበር። ኤይሊፍ የመጀመሪያ ደመወዙን ያገኘው በረዶ ከመውደቁ በፊት የመንገዱን ዳር የሚያሳዩትን ረጃጅም እንጨቶች በመትከል ነው። በኋላ ዘመን መትከሉን ማሽን ሲይዘው እንኳ እሱ በእግሩ ከኋላ እየተከተለ የተጣመመውን ያቃና ነበር። «ምን አለፋህ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «በጥር መንገዱን አላየውም፤ የማየው እነሱን ነው» አለኝ።

ትዳር ይዞ ነበር። ሚስቱ ቶሩን ዘጠኝ ዓመት ኖራ ወደ ከተማ ሄደች። «ኬላው በተዘጋ ቁጥር በዚህኛው በኩል ስጠብቅህ አረጀሁ» አለችው አሉ። አልተከራከራትም። ሻንጣዋን መኪናዋ ላይ ጫነላት፤ የጎማዎቹን ነፋስ ለካላትና ሸኛት።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነፋሱ ሲበረታ መንገዱ በሁለቱም ጫፍ በኬላ ይዘጋል። መሻገር የሚፈልግ ተሰልፎ ይጠብቃል። ጠራጊው ሲደርስ ነጂው መኪኖቹን ቆጥሮ፣ ከፊት እየጠረገ በአጀብ ይመራቸዋል፤ ከሁሉም ኋላ ቢጫ መብራት የምታሽከረክር መኪና ትከተላለች። አሥራ አንድ ኪሎ ሜትር ነው፣ በሰዓት ሃያ፣ ሲበዛ ሠላሳ። ማዶ ኬላ ሲደረስ እንደገና ይቆጠራል። የገባውና የወጣው እኩል ከሆነ ሥራው አለቀ።

ሌሎቹ ነጂዎች ጋቢናቸው ውስጥ ቁጭ ብለው በጣታቸው ይቆጥራሉ። ኤይሊፍ ግን ይወርድ ነበር። እያንዳንዱን መስኮት ያንኳኳል፤ ታርጋውን በትንሽ ደብተር ይጽፋል።

«ነዳጅ ስንት አለህ?»

«ይበቃኛል።»

«ይበቃሃል ወይ አላልኩም። ስንት አለህ ነው ያልኩት።»

ወፍራሙ ካፖርት ኋላ ሻንጣ ውስጥ ከሆነ ያስወጣና ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። የጭስ ማውጫውን ጎንበስ ብሎ ያያል፤ በረዶ የደፈነው ጭስ ማውጫ ሞተሩን አስነሥተው ለሚጠብቁ ሰዎች መርዝ ነው። የኋላ መብራቱን በመጥረጊያ ያጸዳል። ይህ ሁሉ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ጥሩንባ ይነፋበታል።

አንድ ጊዜ ዓሣ የጫነ ነጂ አንገቱን አውጥቶ፣ «አንተ ሰውዬ! ቀብር አይደለም የምንሄደው፣ ፍጠን እንጂ!» ብሎ ጮኸበት።

«ወደዚያ እንዳትሄድ ነው» አለው ኤይሊፍ፤ ወደሚቀጥለው መስኮት አለፈ።

በመጨረሻ ለሁሉም የሚናገራት ንግግር ነበረችው፤ አንዲት ቃል አይቀንስም፣ አይጨምርም። «ከፊትህ ያለውን ቀይ መብራት ተከተል። ከጠፋብህ ቀስ ብለህ ቁም፣ ፍሬቻህን ሁሉ አብራ። አትውረድ። አትዙር። ቁጭ ብለህ ጠብቅ፤ እኔ እመጣለሁ።»

ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚያች በመጨረሻዋ ቃል ላይ ነው። ምንም በማይታይበት ነጭ በረዶ ውስጥ ብቻውን የቀረ ሰው የሚመጣለት መኖሩን ካላመነ ይወርዳል። ከወረደ አምስት እርምጃ ይበቃዋል፤ የገዛ መኪናውን መልሶ አያገኛትም። ስለዚህ ኤይሊፍ ቁጥሩ ሲጎድል የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መመለስ። ስድስት ወይም ሰባት ጊዜ ተመልሷል። ሁሉንም አግኝቷቸዋል፤ መብራታቸውን አብርተው፣ ፈርተው፣ ቁጭ ብለው።

በተራራው አናት፣ ሰባተኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ጠራጊዎች የሚዞሩበት ሰፊ ቦታ አለ። ከዚያ ትንሽ ገባ ብሎ ጥቂት የእንጨት ጎጆዎች አሉ፤ የመንደሩ ሰው በበዓል የሚያርፍባቸው። አጀብ በሚኬድበት ቀን ወደ ጎጆ መታጠፍ ክልክል ነው። ከሰልፉ የወጣችው መኪና የታጠፈች ትሁን ገደል የገባች ማንም አያውቅማ። ሁሉም ሰው ደንቡን ያውቃል። የመንደሩ ሰው ግን ደንቡ የተጻፈው ለከተማ ሰው ይመስለዋል። የገዛ ደጁ እኮ ነው፤ አያቱ የሠሩት ጎጆ፣ በሕፃንነቱ በሸርተቴ የወረደበት ቁልቁለት። በገዛ ደጄ እንዴት እጠፋለሁ ይላል።

አስላክ እንዲህ ካሉት አንዱ ነበር። የኤይሊፍ እህት የጉንቮር ባል ነው፤ ከኤይሊፍ በስድስት ዓመት ይበልጣል። የዳልሶራን ተማሪዎች በአውቶቡስ የሚያመላልሰው እሱ ነው። ጨዋታ ያውቃል፤ ልጆቹ ይወዱታል። እኔም እወደው ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት፣ የሕማማት ረቡዕ ነው። መንደሩ በሙሉ ለፋሲካ ወደ ተራራ ይጎርፋል፤ መኪናው ጣሪያ ላይ የበረዶ መንሸራተቻ፣ ኋላ ወንበር ላይ ብርቱካንና ቸኮሌት። ጠዋት ነፋሱ ተነሥቶ መንገዱ ተዘጋ። በእኛ ዘንድ ጎጆ ሲገባ ስልክ ማጥፋት ኩራት ነው፤ «አራት ቀን አልከፈትኩትም» ብሎ የማይመጻደቅ የለም። ይህንንም ያዙልኝ።

ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አጀቡ ከምዕራብ ኬላ ሊነሣ ሆነ። ኤይሊፍ መስኮት ለመስኮት እየዞረ አሥራ ሰባት መኪና ጻፈ። የኋላዋን ቢጫ መኪና የምትነዳው ሶልቪ ናት፤ ከኤይሊፍ ጋር ስምንት ክረምት የሠራች፣ ጠንካራ ሴት። መጥረጊያ ይዛ የኋላ መብራቶቹን እየጠረገች ትከተለዋለች። አሥረኛው መስኮት ላይ አስላክ ነበር፣ ግራጫ መኪናው ውስጥ።

«ነዳጅ ስንት አለህ?»

«አንተ ስትድህ እኔ ይህን መንገድ በብስክሌት ወጥቼዋለሁ! አሁን ነዳጅ ስንት አለህ ትለኛለህ?» አለ አስላክ። ሶልቪ ከኋላ ሆና ሳቀች።

«ስንት አለህ?»

«ሙሉ ነው፣ ሙሉ። አይዞህ።»

«ወዴት ነህ? ጎጆ ከሆነ ዛሬ አይሆንም፤ ዙርና ቤትህ ግባ።»

«ኧረ ጎጆ ጎጆ አትበልብኝ፤ ማዶ ነው የምሻገረው። እህቴ ጋ አድራለሁ። ሂድ፣ እነዚህን ከኋላዬ ያሉትን ጀርመን ቱሪስቶች ውርጭ ሳይገድላቸው በንግግርህ ግደላቸው።»

ሶልቪ እንደገና ሳቀች። ኤይሊፍ ታርጋውን ጻፈና አለፈ።

እኔ በዚያ ቀን ምሥራቅ ኬላ ላይ ነበርኩ፤ ለበዓል ሰው አንሶ መካኒኩንም ኬላ ጠባቂ አድርገውት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል የጠራጊዋ መብራት ከነጩ ውስጥ ብቅ አለ። መኪኖቹ አንድ በአንድ አለፉ። ቆጠርኩ። ከኋላ ቢጫዋ ስትደርስ ሶልቪ በሬዲዮ፣ «አሥራ ስድስት» አለች።

«አሥራ ሰባት» አለ ኤይሊፍ።

«እኔም አሥራ ስድስት ነው ያገኘሁት» አልኩት።

ደብተሩን ይዞ ወረደ፤ ሁሉንም ታርጋ እያመሳከረ ሄደ። የጎደለችው አሥረኛዋ ናት። ከአስላክ ኋላ የነበሩትን ጀርመኖች ጠየቃቸው። ከፊታቸው ያለው ቀይ መብራት ለትንሽ ጊዜ ጠፍቶባቸው፣ ፈጠን ሲሉ እንደገና እንዳገኙት ነገሩን። ያገኙት የዘጠነኛዋን መብራት ነው። የት ላይ? አያውቁም። ሁሉም ነጭ ነበር።

የመንገድ ማዕከሉ ለአስላክ ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ለጉንቮር ደወለ። «ጎጆ እሄዳለሁ ብሎ ነው የወጣው፤ መንገዱ ካስቸገረ ግን ወርጄ እህቴ ጋ አድራለሁ ብሏል» አለች። እህቱ ጋ ተደወለ፤ አልደረሰም።

«ጎጆው ውስጥ ነው» አልኩት ኤይሊፍን። «እሳቱን አንድዶ እግሩን ዘርግቷል። አስላክን አታውቀውም?»

«እኔም እንደዚያ ነው የሚመስለኝ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ መምሰል ነው እንጂ ማየት አይደለም።» ወደ ጠራጊዋ ወጣ። «ትመጣለህ? ሁለት ዐይን ይሻላል።»

በምሥራቅ በኩል ሃያ ሁለት መኪና ለመሻገር ተሰልፎ ነበር። ጠራጊዋ ባዶዋን ስትዞር አይተው ጥሩንባቸውን ለቀቁት። አንዷ ወርዳ፣ «ፋሲካችንን እዚህ ኬላ ላይ ልታስውለን ነው?» ብላ በሩን ደበደበች። ኤይሊፍ መስኮቱን ከፍቶ፣ «ሰው ጎድሎናል፤ ጠብቁ» አላት። ሶልቪን ኬላው ላይ ትተናት ወጣን።

ዳርና ዳሩን እያየን፣ በአንደኛ ማርሽ፣ አራቱን ኪሎ ሜትር ወጣን። ነፋሱ ጠራጊዋን ራሷን ይገፋታል። አናቱ ላይ ስንደርስ መዞሪያው ቦታ ተሞልቷል፤ አንድ የጎማ ፋና የለም። ከአንድ ሰዓት በፊት ኤይሊፍ የጠረገው ቦታ መሆኑን ብትነግሩኝ አላምንም። የጎጆዎቹ ብርሃን ቀርቶ በረዶ የሚገፋው ምላጫችን ጫፍ እንኳ አይታይም። የውጭው ቅዝቃዜ ከዜሮ በታች አሥራ አንድ ነበር፤ ነፋሱን ሳይጨምር።

ገመድ አለን፤ ስልሳ ሜትር። አንዱን ጫፍ የጋቢናው መሰላል ላይ አሰርኩ፣ ሌላውን ወገቡ ላይ አሰረ። ደንቡ ግልጽ ነው፤ ያለ ገመድ ከጠራጊ አይራቅም።

«በየደቂቃው ጥሩንባ ንፋ» አለኝ። «መመለሻዬ እሱ ነው።» አካፋውን ይዞ ወረደ፤ ሦስት እርምጃ ሳይሄድ ጠፋ።

ገመዱ በመዳፌ ውስጥ እየሄደ አለቀ። ሁለት ጊዜ ሳበው፤ ጨምርልኝ ማለቱ ነው። የመኪና መጎተቻውን ገመድ፣ ሃያ ሜትር፣ ቀጠልኩለት። እሱም አለቀ። እንደገና ሁለት ጊዜ ሳበ። የምጨምረው አልነበረኝም። ጥቂት ቆይቶ ገመዱ በእጄ ላይ ላላ። ስስበው ቀለል ብሎ መጣ። ቋጠሮው በሥርዓት ተፈትቷል፤ አልተበጠሰም።

አርባ ደቂቃ ጥሩንባ ነፋሁ። በሬዲዮ ለማዕከሉ ነገርኩ፤ ሌላ ጠራጊ ለመላክ ሁለት ሰዓት ይፈጃል አሉኝ። ልውረድ አልኩና እግሬን መሰላሉ ላይ አድርጌ መለስኩት። እኔም ብጠፋ ጥሩንባውን የሚነፋ የለም። በሕይወቴ እንደዚያ ቁጭ ብዬ ጠብቄ አላውቅም።

እሱ በዚያ ጊዜ ያደረገውን በኋላ በቁርጥራጭ ነው የነገረኝ። ከገመዱ ጫፍ ጥቂት ሜትር ርቆ ከአካፋው ሥር ብረት ጮኸ። የአስላክ መኪና ነበረች፤ ከመዞሪያው ወደ ውስጥ ገብታ፣ እስከ ጣሪያዋ ተቀብራ፣ መብራቷ ጠፍቶ። ውስጧ ሰው ይኑር አይኑር ማየት ነበረበት። በረዶውን በአካፋ ዛቀ፤ መስታወቱ ላይ የጠጠረውን በአካፋ ቢመታው መስታወቱን ከሰው ላይ ይሰብረዋል። የቀኝ ጓንቱን አውልቆ በጥፍሩ ፋቀው። ጓንቱን ነፋስ ወሰደው። ፊቱን መስታወቱ ላይ ለጥፎ አየ። ማንም የለም።

እንግዲህ አስቡት፤ ባዶ መኪና ባሰበት። ሰውዬው ወርዷል ማለት ነው። በዚያ ነፋስ ውስጥ ወርዶ ጎጆው ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ኤይሊፍ በእጁ የጎጆውን ግቢ አጥር እየዳሰሰ፣ ሰባ እርምጃ ያህል፣ በሩ ላይ ደረሰ። በሩን ከፈተ።

አስላክ በካልሲ ብቻ ምድጃው ፊት ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል።

«ኤይሊፍ! አንተም ሾልከህ መጣህ? በሩን ዝጋው፣ ሙቀቱ ይወጣል።»

ኤይሊፍ በሩን ከኋላው ዘጋ። አስላክ እጁን ሲያይ ደነገጠ፤ «ተቀመጥ፣ ሙቅ ውሃ ላምጣልህ» አለው። ኤይሊፍ ግን የኔን ጥሩንባ ይሰማል። እዚያ ቢቀመጥ እኔ እወርዳለሁ፣ ሶልቪ ትመጣለች፣ ሃያ ሁለቱ መኪኖች በራሳቸው መውጣት ይጀምራሉ። የአስላክን ጓንት ከምስማሩ አንሥቶ አጠለቀና ተመለሰ። ከመውጣቱ በፊት አስላክ ከኋላው ያለውን ቃል በቃል ነገረኝ፤ «ማን ና አለህ?»

ጋቢናው ውስጥ ሲገባ የቀኝ እጁ ጣቶች እንደ ሻማ ነጭ ነበሩ። «ጎጆው ነው» አለኝ። «ለማዕከሉ ንገር፤ አሥራ ሰባት።» እኔ ልንዳ ብለው እንቢ አለ፤ በግራ እጁ መሪውን ይዞ ወረደ። ምሥራቅ ኬላ ላይ ሌላ ነጂ መጥቶ ተረከበው። ሆስፒታል ውስጥ ከቀኝ እጁ ሦስት ጣት ወሰዱለት፤ ከአውራ ጣቱና ከትንሿ በስተቀር ሌላው እስከ ሁለተኛው አንጓ ሄደ።

እስከዚህ ድረስ አደጋ ነው። ምሬቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሠራተኛ ሲጎዳ ምርመራ ይደረጋል። የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ኤይሊፍ ያለ ገመድ የወረደው ለምን ነበር? አስላክ ኬላው ላይ ዋሽቶት ከሆነ ጥፋቱ የአስላክ ነው፤ የአውቶቡስ መንጃ ፈቃዱን ሊቀሙት ይችላሉ። አስላክ እውነቱን ነግሮት ከሆነ ግን ኤይሊፍ በገዛ ዝንጋታው ነው የተጎዳው፤ ጠራጊ ላይ ዳግመኛ አያስቀምጡትም። መሪና ማርሽ ለተጎዳ እጅ ተስተካክሎ ይሠራል፤ እኔ ራሴ ልሠራለት ሥዕሉን ጨርሼ ነበር። የቀረው ስሙ ነው።

ጉንቮር ምርመራው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ቤቱ መጣች። ፋሻውን እየቀየርኩለት ነበርና ሰማሁ።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልለምንህ» አለች። «ረሳሁ በል። ነግሮኝ ነበር፣ ረሳሁት በል። አንተ በእጅህ ምክንያት ጡረታ ታገኛለህ።»

«አልነገረኝም።»

«አውቃለሁ አልነገረህም! እኔ ጠፋኝ? አውቶቡሱን ከቀሙት ግን ምን ይሆናል? በስልሳ አምስት ዓመቱ ማን ይቀጥረዋል? ቤት ቁጭ ብሎ ያብዳል፣ እኔንም ያሳብደኛል።»

«ጉንቮር፣ አሥራ ሰባት ሰው አንዳንድ ጊዜ እየፈራ ከኋላዬ የሚገባው እኔ የምለውን ስለሚያምን ነው። እኔም እነሱ የሚሉትን ማመን አለብኝ። ውሸት ከተፈቀደ ቆጠራው ምን ይሠራል?»

«ቆጠራህን ይዘህ ኑር» ብላ ተነሣች። በሩን እንኳ አልዘጋችውም፤ እኔ ዘጋሁት።

ምርመራው ላይ አስላክ፣ «ጎጆ እገባለሁ አልኩት፤ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ» አለ። ኤይሊፍ ያለውን ተናገረ። ደብተሩ ቀረበ። ደብተሩ አሥረኛዋ መኪና መግባቷን ይላል፤ ወዴት እንደምትሄድ አይልም። ኤይሊፍን ከቀጠረው ኩባንያ የመጣው የሥራ ኃላፊ ገጹን አገላብጦ፣ «ይህ ምንም አይነግረንም» አለ። ከሁለቱ ሌላ በአጠገባቸው የነበረው ሰው አንድ ነው። ሶልቪን ጠየቋት።

«ነፋስ ነበር» አለች። «የተባባሉትን አልሰማሁም።»

ኤይሊፍ ቀና ብሎ አያት። እሷ ጠረጴዛውን ነበር የምታየው።

ውሳኔው በደብዳቤ መጣ። «በኬላው ላይ በተፈጠረ አለመግባባት» ይላል፤ «ሠራተኛው ያለ በቂ ምክንያት ከደህንነት ደንብ ውጭ በመውጣት።» በሰኔ በጡረታ አሰናበቱት። አስላክ በነሐሴ አውቶቡሱን አስነሣ። የአካባቢው ጋዜጣ ላይ ምሥራቅ ኬላ የተጉላላ አንድ ሰው በአንድ ግትር ሽማግሌ ምክንያት ፋሲካውን እንዴት እንዳጣ ጻፈ።

በመስከረም ሶልቪ የክረምት ጎማ ልታስገጥም ጋራዤ መጣች። ከመኪናዋ አልወረደችም። ጎማውን እያጠበቅሁ፣ «ሰምተሻል አይደል? ሁለት ጊዜ ስቃለች ብሎኛል እኮ ኤይሊፍ» አልኳት።

«ሁለቱም ልጆቼ በእሱ አውቶቡስ ነው የሚሄዱት» አለች። «ሌላ አውቶቡስ የለም። ሌላ መንደርም የለኝም።»

«ለኤይሊፍ ንገሪው ታዲያ።»

«ምን ብዬ?»

አራተኛውን ጎማ ጨርሼ ላክኋት።

በታኅሣሥ ኤይሊፍ ማዶ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበረው፤ የቀረው የመሃል ጣቱ አንጓ እያመረቀዘ አስቸግሮታል፣ እንደገና ሊቆርጡለት ነው። እኔ ልነዳለት ወሰድኩት። ነፋስ ነበርና ምዕራብ ኬላ ላይ ተሰለፍን። አዲሱ ነጂ ቬጋርድ ይባላል፤ ጎበዝ ነው፣ ምላጩን እንደ ቢላ ይይዘዋል፣ ግን አይወርድም። ከጋቢናው ሆኖ እጁን አወዛወዘና ተነሣን።

«ዘጠኝ» አለ ኤይሊፍ ከጎኔ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

ምሥራቅ ስንደርስ ዳር ያዝ አለኝ። ከኋላ የሚመጡትን አየ። ወርዶ ወደ ጠራጊዋ ሄደ፤ ተከተልኩት።

«ስምንት ነው የወጣው» አለው ቬጋርድን።

«አንዱ ጎጆው ገብቶ ይሆናል።»

«ማን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ይኸውልህ፣ ሽማግሌው፣ አንተ ያደረግኸውን ሁላችንም አውቀነዋል። እኔ ጎጆው ውስጥ ብርቱካን ለሚልጥ ሰው ብዬ ጣቴን አልሰጥም።» ኬላው ላይ አብረውት የቆሙት ሠራተኞች ሳቁ። ቬጋርድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ወዲያው አፈረና፣ «ለማዕከሉ ነግሬያለሁ፤ መዝግበውታል» አለ።

ኤይሊፍ ራሱ ደወለ። መዝግበውታል። ሌላ የሚያደርጉት እንደሌለም ነገሩት።

«ቀጠሮህ ስድስት ሰዓት ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ሌላ ቀን አያገኙልህም።»

«አንተ ሂድና ሙቅ ቦታ ቁጭ በል» አለኝ። የቀኝ እጁን በብብቱ ሸጉጦ የኬላው ግንድ አጠገብ ቆመ። አልሄድኩም፤ መኪናውን አስነሥቼ ማሞቂያውን ከፍቼ ከጎኑ አቆምኩ። አልገባም። ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰባት አለፈ። ነፋሱ ቀስ በቀስ እየረገበ ሄዶ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ኬላው ለሁሉም ክፍት ሆነ።

ትንሽ ቆይቶ ከላይ አንዲት ሰማያዊ መኪና ወረደች። ሴትዮ ትነዳለች፤ ኋላ ሁለት ልጆች ተኝተዋል። ጎጆ ገብተው፣ ዋፍል ጋግረው በልተው፣ ነፋሱ ሲቆም የተነሡ ናቸው። ኤይሊፍ ታርጋዋን አየ፣ ልጆቹን አየ። ሴትዮዋ ሽማግሌ በብርድ ቆሞ ስታይ አዝና መስኮቷን ዝቅ አደረገች።

«ሰው እየጠበቅህ ነው እንዴ?»

«አዎ።»

«አልመጡም?»

«መጡ» አላት።

መኪናው ውስጥ ገባ። ሆስፒታሉ ጋ ደወልኩ፤ ቀጣዩ ባዶ ቦታ የካቲት አጋማሽ ነው አሉኝ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና ቀበቶውን በግራ እጁ ጎትቶ ለማሰር ሲታገል ቆየ፤ እኔ አሰርኩለት፣ ዞረን ወደ ቤት ወጣን።